በማን አፍ? ፈተናን መካድ በገድለ ክርስቶስ ሠምራና በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ፈተና የሚለው ቃል በአማርኛ ሰፊ አገልግሎት አለው። ተማሪ የሚቀመጥለትም ፈተና ነው፤ ሰይጣን የሚያመጣውም ፈተና ነው፤ ወርቅም በእሳት ይፈተናል። በመሆኑም በቋንቋችን ፈተና የገጠመው ሰው ገና የወደቀ ሰው አይደለም፤ ማንነቱ የሚለይበት ሰዓት ላይ የደረሰ ነው እንጂ። ገዳም የሚለውም ቃል ከዚህ ጋር አብሮ ሊታይ ይገባዋል። ገዳም በግእዝ ምድረ በዳ ማለት ነው። ጌታ አርባ ቀን የጾመበትና የተፈተነበት ስፍራ በግእዙ ወንጌል በዚሁ ቃል ይጠራል፤ የመነኮሳት መኖሪያም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ከባቲ ቁልቁል ወርዶ ሚሌ የደረሰ መንገደኛ የቃሉን ጥንታዊ ፍች ያለ መዝገበ ቃላት ይረዳዋል። (የአፋር አርብቶ አደር ግን ምድሩ በዳ መባሉን እንደማይቀበለኝ አውቃለሁ፤ እውነትም አለው።)

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነውም ከሚሌ አካባቢ የመጣ አንድ ተማሪ ያነሣው ጥያቄ ነው። ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንወያይ፣ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለእግዚአብሔር መሳላቸውን፣ በስለቱም መሠረት ሳያገባ መኖር እንደነበረበት ካስረዳሁ በኋላ፣ ተማሪው እጁን አወጣና «የተሳሉት አባትና እናቱ ከሆኑ እሱ ያፈረሰው የማንን ቃል ነው?» አለ። ተማሪው ሙስሊም ነው። ክርስቲያኖቹ ተማሪዎች ሣቁ፤ ነገሩ ለእነርሱ ግልጽ ነበርና። እኔም በዕለቱ የሰጠሁት መልስ መልስ የሚባል አልነበረም። ጥያቄው ግን እየቆየ ሲሄድ የልብወለዱን እምብርት የነካ ሆኖ አገኘሁት።

መልሱን ለመፈለግ ከጥምቀት ሥርዓት መነሣት ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠማቂው በመጀመሪያ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሃይማኖቱን ይመሰክራል። ከክፉ መመለስ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ዘይቤ አይደለም። ሰውነት በእርግጥ ይዞራል፤ ጀርባ የሚሰጠው አለ፣ ፊት የሚሰጠው አለ። ነገር ግን ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የሚክድላቸውና የሚያምንላቸው ክርስትና አባት ወይም ክርስትና እናት ነው። ሕፃኑ በሰው አፍ ይክዳል። ክርስትና አባት ልጁን ሃይማኖቱን የማስተማር ግዴታ የሚኖርበትም ስለዚህ ነው፤ በውሰት የተነገረው ቃል አንድ ቀን የባለቤቱ መሆን አለበትና።

በራስ አፍ ለተነገረ ክህደት ከገድላቱ መካከል የክርስቶስ ሠምራን ያህል ብርቱ ምሳሌ አላውቅም። የዐሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው እንደነበረች የሚነገርላት ይህች የቡልጋ ሴት ባለጸጋ፣ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ገድሏ እንደሚተርከው፣ አንድ ቀን በቁጣ ተነሣሥታ በአገልጋይዋ አፍ እሳት ጨመረች፤ አገልጋይዋም ሞተች። ፈታኙ በዚህ ስፍራ ቀንድ አውጥቶ አልመጣም። የእመቤትነት ሥልጣን ነው፣ በገዛ ቤቷ ውስጥ ያለ። ክርስቶስ ሠምራ ደንግጣ ወደ ጸሎት ተመለሰች፤ ሟቿ ብትነሣ ዓለምን እንደምትተውም ቃል ገባች። አገልጋይዋ ተነሣች፤ እመቤቲቱም ቤቷን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ በኋላም ወደ ጣና፣ ወደ ጓንጉት ሄደች።

የገድሉ አስደናቂ ክፍል ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቅድስቲቱ ለሰይጣን ምሕረት ለመነች። የሰው ልጅ የሚሰናከለው በእርሱ ነውና እርሱ ቢታረቅ ሰውም ያርፍ ነበር የሚል አሳብ ነው። ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ወደ ሲኦል ወርዳ ለዕርቅ ጠራችው፤ እርሱ ግን ተቆጥቶ ወደ ጥልቁ ጎተታት። ሚካኤል በሰይፉ አዳናት፤ ነፍሳትም አብረዋት ወጡ።

ይህን ታሪክ እንደ የዋህነት የሚያዩት አሉ። እኔ አልስማማም። የገድሉ ጸሐፊ የሚያሳየን፣ ከክፉ መራቅ ፈታኙን እስከ መጥላት እንኳ እንደማያደርስ፣ ፈታኙም የተረገመው ፊቱን መመለስ ስላቃተው መሆኑን ነው። አገልጋይዋን የገደለችው ሴት መመለስ ችላለች፤ ሰይጣን አልቻለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የበደል መጠን ሳይሆን ትዕቢት ነው። መምህራን ጌታ በምድረ በዳ ድል ነሣቸው ከሚሏቸው ከሦስቱ ዐርእስተ ኃጣውእ፣ ከስስት፣ ከትዕቢትና ከፍቅረ ንዋይ፣ አንዱ ይኸው ነው።

በዘመናዊው ሥነ ጽሑፋችን ፈታኙ መልኩን አጥቶ ወደ ልብ ገባ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ «ወዳጄ ልቤ» ማለታቸው ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሐዲስ ዓለማየሁ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ጥያቄውን ከልብም አውጥተው ወደ ቤተሰብ ወሰዱት።

ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የማንኩሳ ሰዎች ናቸው። ዘግይተው ያገኙት ልጅ እንዲያድግላቸው ተሳሉ። ስለቱ ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ በቀላሉ የሚወገዝ አይደለም፤ የደራሲው ብልሃትም እዚህ ላይ ነው። በዛብህ ግን ለመካድም ለማመንም አፉን ሳይከፍት ዓለምን ክዷል። ትምህርቱን ተምሮ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ለማስተማር ሲገባ ፍቅር የመጣበት እንደ ፈተና ነው፤ የሚፈተነውስ ማን ነው? ፈተናውን የሚቋቋምበት ቃል የአባትና የእናቱ ነው። ክርስቶስ ሠምራ ስትሳል የምትከፍለውን ታውቃለች፤ ትዳርን፣ ልጆችን፣ ሀብትን። በዛብህ የተከፈለበትን ያወቀው ሰብለን ሲያይ ነው።

ልብወለዱ በብዙ የክፍል ውይይቶች የሚነበበው እንደ መደብ ታሪክ ነው፤ የደኻው ልጅና የመኳንንቱ ልጅ። ንባቡ ስሕተት የለበትም፤ የፊታውራሪ ኩራት ሁለቱን ለያይቷል። ነገር ግን የትውልድ ግንብ ከመታየቱ አስቀድሞ ስለቱ ቆሞ ነበር። በሃይማኖት ዓይን ካየነው ደግሞ አንድ የተገለበጠ ነገር አለ። በመንደሩ ዓይን ሊፈተን የሚችለው የተሳለው ልጅ ነው፤ ከዐርእስተ ኃጣውእ አንዱን፣ ትዕቢትን፣ ይዘው የሚኖሩት ግን ፊታውራሪ ናቸው። እሳቸው ተፈተኑ የሚል የለም። በአበጀ በለው እጅ ወድቀው ከተዋረዱ በኋላ እንኳ ፊታቸው አልተመለሰም።

እንግዲህ ለሚሌው ተማሪ ዛሬ የምመልሰው፣ በዛብህ ያፈረሰው የወላጆቹን ቃል ነው፤ የራሱ ሊያደርገው ግን ማንም ዕድል አልሰጠውም፣ የሚል ነው። ክርስትና አባት ላነሣው ልጅ ሊያደርገው የሚገባውን፣ ቃሉን ለባለቤቱ የማስረከቡን ሥራ፣ በዛብህን ለማዕርግ ያበቁት መምህራን አልሠሩለትም። ጉዱ ካሳ ቢሆን የልማድን ቀንበር ሊሰብር ይሻል እንጂ ስለትን ከልማድ ለይቶ አያይም፤ በዚህ ረገድ ከሚቃወማቸው ሰዎች ብዙም አይርቅም።

በራሱ አፍ የሚሳል ሰው በልብወለዱ መጨረሻ ላይ ይገኛል፤ ያልጠበቅነው ሰው ግን ነው። በዛብህ ከሞተ በኋላ ሰብለ ወንጌል መነኮሰች። ማንም አልተሳለላትም፤ ማንም አላስገደዳት። ሰው ሁሉ ቆብን ፍቅርን የመሸሻ ልብስ አድርጎ ያየዋል፤ እርሷ ግን ያጠለቀችው ከመቃብሩ ላለመራቅ ነው።