ከብት ከመጫኑ በፊት የራዲያተር እጥበት

በመጋቢትና በሚያዝያ የገዳሪፍ ሜዳ ሙቀት ቀን ላይ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚህ ወቅት ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ በገላባት አድርጎ ወደ ገዳሪፍ ወይም ወደ ቱነይድባ አቅጣጫ የሚሄድ በሬ የጫነ ኢሱዙ መንገድ ላይ ውሃ ካፈላ፣ የሚከስረው ባለመኪናው ብቻ አይደለም። የቆመ መኪና ነፋስ አያገኝም። ተጠጋግተው የቆሙ በሬዎች አንዱ የሌላውን ሙቀት ይቀበላል፤ ያለከልካሉ፣ ውሃ ይጠማቸዋል፣ ክብደታቸውም ይወርዳል።

ኪሳራውን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ የሚመዝኑ 12 በሬዎች በመንገድና በሙቀት ምክንያት 6 በመቶ ቀነሱ እንበል። በአንዱ በሬ 18 ኪሎ፣ በጭነቱ 216 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የሆድ ዕቃና የውሃ የሆነው ክፍል በሬው ሲጠጣና ሲበላ ይመለሳል፤ ከሥጋው የጎደለው ግን በገበያው ቀን አይመለስም። በዓይን ግምት በሚሸጥበት ገበያ ደግሞ ጎኑ የገባ በሬ ዋጋው ገና ከመጠራቱ በፊት ወድቋል። ጦርነቱ በሱዳን ከተነሳበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገድ ላይ ማደርም ከገንዘብ ያለፈ አደጋ አለው።

አብዛኛውን ጊዜ የመፍላት መነሻው ውሃው ነው። በአካባቢው ከሐፊር የሚቀዳው ውሃ ደለል አለው፤ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማዕድን ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎችና በሞኖብሎኩ ውስጥም ይጋገራል። ዝገት ሲጨመርበት መተላለፊያው ይጠባል፣ ሙቀትም አይወጣም።

ክዳኑም የራሱ ድርሻ አለው። ውሃ በባሕር ጠለል ደረጃ በ100 ዲግሪ፣ በጎንደር ከፍታ ደግሞ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና የራዲያተር ክዳን ግፊት አምቆ ይህን ነጥብ ወደ 120 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ግን ግፊቱን ስለሚለቅ፣ ሞተሩ ሌላ ችግር ባይኖርበትም ውሃው ይፈላል። ከጭነቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ክዳን መቀየር ኢምንት ወጪ ነው።

እጥበቱ በግቢ ውስጥ፣ በማለዳ፣ ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ ካደረ በኋላ ይሠራል። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ የሚፈናጠረው እንፋሎት ፊትና እጅ ይልጣል።

መጀመሪያ ከራዲያተሩ ሥር ሰፊ ሳፋ ይቀመጣል። ክዳኑ ይከፈታል፣ የማፍሰሻው ብሎን ይፈታል፣ ሞኖብሎኩ ላይ ማፍሰሻ ካለው እሱም ይፈታል። የወጣው በጀሪካን ይለካል። መጠኑ በኋላ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ብሎኑ ተዘግቶ ንጹሕ ውሃ ይሞላል። የጋቢና ማሞቂያ ካለ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ሞተሩ በሚኒሞ ይሠራል። የላይኛው ማኒኮቶ በእጅ ሲነካ ከሞቀ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፣ ውሃውም እየዞረ ነው ማለት ነው። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሞተሩ ይጠፋል፤ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ውሃው ይፈሳል። የሚወጣው እስኪጠራ ድረስ ይህ ይደጋገማል። ችኩል ሰው በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከጨመረ ቴስታታው ሊሰነጠቅ ይችላል። የልብስ ሳሙና አረፋ ያስቀራል፤ የባትሪ አሲድ ደግሞ አሉሚኒየሙን ይበላል። ሁለቱም አይገቡም።

ውጪው አይዘንጋ። በማሽላና በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ገለባና አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ጥቁር ጭቃ የራዲያተሩን ክንፎች ይደፍናል። ግፊቱ ዝቅ ያለ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እየተረጨ ይታጠባል። ከባድ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል። በዚሁ አጋጣሚ ማኒኮቶዎቹ፣ ማሰሪያዎቻቸውና የማራገቢያው ቺንጋ ይፈተሹ፤ የተሰነጠቀው ይቀየር።

በመጨረሻ እኩል ለእኩል የተቀላቀለ ኩላንትና የተጣራ ውሃ ይሞላል። ቆላ ውስጥ ውሃ አይረጋም ብሎ ኩላንትን መተው ስህተት ነው፤ ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያውን ነጥብም ከፍ ያደርጋል። ሳይቀየጥ ብቻውን ሲሞላ ግን ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ያንሳል። የተለያየ ዓይነት ኩላንት አይደባለቅ። የተጣራ ውሃ ከጠፋ፣ ጣሪያው በመጀመሪያው ዝናብ ከታጠበ በኋላ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከጉድጓድ ውሃ ይሻላል። 12 ሊትር ወጥቶ 8 ሊትር ብቻ ከገባ ውስጡ አየር ታምቋል፤ ክዳኑ ሳይዘጋ ሞተሩን በሚኒሞ እያሠሩ አረፋው እስኪቆም መሙላት ያስፈልጋል። አረፋው ጨርሶ ካልቆመ፣ ወይም ውሃው ወተት የመሰለ ዘይት ካሳየ፣ ችግሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሊሆን ስለሚችል መኪናው ከብት ሳይጭን ወደ ጋራዥ ይሂድ።

ለከብት ነጋዴ ከሁሉ የሚከብደው በሳፋው ውስጥ የቀረው ነው። በአብዛኛው ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው። ከብት ሲጠጣው በጉበት ተለውጦ በኩላሊት ውስጥ ጠጣር ብልጭልጭ ቅንጣት ይሠራል፤ እንስሳው መጀመሪያ እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ሽንቱ ይቆማል። ለከብት ገዳይ መጠኑ በኪሎ ክብደት ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ጥጃ በትንሹ ይሞታል። 50 ኪሎ የሚመዝን ጥጃን 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ያህል፣ ሊገድለው ይችላል። ሕክምናው የሚረዳው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

ስለዚህ የፈሰሰው በክዳን በሚዘጋ ጀሪካን ተጠራቅሞ፣ ተጽፎበት፣ ከሕፃናትና ከእንስሳት ርቆ ይቀመጥ፤ ወደ ሐፊር፣ ወደ ቦይ ወይም ወደ በረት አይደፋ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከትግራይ የተሰደዱ ወገኖች በሰፈሩበት ቱነይድባ ይህ ጥንቃቄ ለሰውም ጭምር ነው። መንገድ የሚወጣ መኪና ሁለት ዓይነት ጀሪካን ይያዝ፤ አንዱ ለራዲያተር፣ ሌላው ለከብት። ኩላንት የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም ለመጠጥ አይሆንም።