ኔትወርኩ አልጠፋም፤ የጠፋው ፕሮክሲው ነው

“ኔትወርክ የለም” የምንለው በቀን ስንት ጊዜ ነው? እኔም ብያለሁ፤ እንዲያውም ዜና አድርጌ ላወጣው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴፒ ላይ እሸት ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ስለ ለቃሚዎች ክፍያ ያጠናቀርኩትን ጽሑፍ ለመምህሬ በኢሜይል ልልክ ኮምፒዩተር ላብ ገባሁ። መብራት ሄዶ ተመለሰ። ማሽኑ ተነሳ፤ ኢንተርኔቱ ግን እምቢ አለ። አጠገቤ የነበሩትም እንደዚያው። የማስረከቢያው ሰዓት አለፈ። ተናድጄ “መብራት በሄደ ቁጥር የላቡ ኢንተርኔት ይቋረጣል” የሚል ዜና ጻፍኩ። ከማስረከቤ በፊት ግን፣ ክፍል ውስጥ እንደተማርነው፣ የሌላውን ወገን ለመስማት የላብ ባለሙያው ጋ ሄድኩ።

“እህቴ፣ ኔትወርኩ እኮ አለ” አሉኝ። የግቢውን የውስጥ ገጽ ሞከሩ፤ ተከፈተ። የውጭውን ሞከሩ፤ እምቢ። “መስመሩ ቢቆረጥ ይሄኛውም አይመጣም ነበር። ማሽኑ የፕሮክሲውን አድራሻ ረስቶት ነው።”

ፕሮክሲ ምንድን ነው?

በእኛ አካባቢ አብዛኛው ገበሬ ቡናውን ራሱ አዲስ አበባ አይወስድም፤ ለአቅራቢ ነጋዴ ያስረክባል። ፕሮክሲም እንደ አቅራቢው ነው። የሁላችንን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ውጭ ያደርሳል፣ መልሱን ያመጣል፤ ያመጣውንም አስቀምጦ ለሚቀጥለው ጠያቂ ሊያቀብል ይችላል። ማሽናችን እሱን ለማግኘት አድራሻውንና የፖርት ቁጥሩን ማወቅ አለበት። ለምሳሌ ስኩዊድ የተባለው ነፃ ፕሮክሲ ካልተቀየረ በስተቀር የሚሠራው በፖርት 3128 ነው።

ለምን ይጠፋል?

አንደኛ፣ ኡቡንቱ በሚጠቀምበት የጂኖም ዴስክቶፕ ላይ የሞላነው ፕሮክሲ የሚቀመጠው በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ነው። በጂኖም 2 ማከማቻው ጂኮንፍ ይባል ነበር፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ከወጣው ጂኖም 3 ወዲህ ዲኮንፍ ሆነ። ስለዚህ እኔ በስሜ ገብቼ የሞላሁት በሌላ ስም ለሚገባ ሰው አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ብዙ ላቦች ማሽኖቻቸው እንዳይበላሹ በተነሱ ቁጥር ወደ መጀመሪያ ሁኔታቸው እንዲመለሱ ያደርጓቸዋል። ቫይረሱም ይጠፋል፣ እኛ የሞላነውም አብሮ ይጠፋል። የእኛ ላብ ችግር ይሄው ነበር፤ መብራት ሲሄድ ማሽኑ ይጠፋል፣ ሲነሳ ሁሉንም ይረሳል።

ሦስተኛ፣ የጠፋ የሚመስል ግን ያልጠፋ አለ። አንድ ሰው የፕሮክሲውን ምርጫ “የለም” ላይ ቢያደርገው አድራሻው አይሰረዝም፤ ሥራ ያቆማል እንጂ። በተርሚናል የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ደግሞ የሴቲንጉን መስኮት ሳይሆን የራሳቸውን ማዘዣ ነው የሚያዩት።

ምን እናድርግ?

ዘላቂው መፍትሔ በባለሙያው እጅ ነው፤ አድራሻውን ማሽኑ በሚመለስበት የመጀመሪያ ሁኔታ ላይ መሙላት። እስከዚያው እኛ መጀመሪያ የውስጥ ገጽ እንሞክር። እሱ ከተከፈተ የፕሮክሲውን ምርጫ እንይ። አድራሻውንና ፖርቱን ደብተራችን ላይ እንያዝ፤ ፓስዎርድ ግን አይጻፍ!

የቡናው ጽሑፌ በማግስቱ ተላከ፤ ስለዘገየም ማርክ ተቀነሰብኝ። ያንን ዜና ግን ቀደድኩት። ቅሬታዬ እውነት ነበር፤ የጻፍኩት ምክንያት ግን ስህተት። ባልጠይቅ ኖሮ ሁለቱም አንድ ላይ ታትመው ይወጡ ነበር።