ከዓይን የተደበቀ ጽሑፍ

በስልክ ዊኪፒዲያ ላይ ረጅም ጽሑፍ ስንከፍት ብዙ ጊዜ መግቢያው ብቻ ይታያል። ከሥሩ «ታሪክ»፣ «መልክዓ ምድር»፣ «ሕዝብ» እያሉ ርዕሶች ይደረደራሉ። አንዱን ስንነካው ጽሑፉ ይዘረጋል፣ ደግመን ስንነካው ይታጠፋል። ጽሑፉ በዚያች ቅጽበት ከሩቅ የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ገጹ ሲከፈት አብሮ መጥቶ ስልካችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ኔትወርክ ቢቋረጥ እንኳ ርዕሱ ሲነካ ይዘረጋል። በፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ይህ ሁለት ፊት አለው፦ ያላነበበውንም ጽሑፍ ከፍሎበታል፣ ለማንበብ ሲፈልግ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አይቆጥርበትም።

ይህ የመዘርጋትና የማጠፍ ሥራ የሚሠራው በሁለት የኮምፒውተር ቋንቋዎች ትብብር ነው። ሲኤስኤስ የገጹን መልክ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው ከመጀመሪያው እትሙ ጀምሮ «ዲስፕሌይ» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ዋጋው «ነን» ከተባለ ያ ክፍል ከስክሪኑ ይነሣል። ብሬንዳን አይክ በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ በ10 ቀን ገደማ የጻፈው ጃቫስክሪፕት ደግሞ ጣታችንን ይጠብቃል። ቁልፉ ሲነካ ክፍሉ ተደብቆ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ተደብቆ ከሆነ ትእዛዙን ያነሣል፣ ካልሆነ ይጥልበታል። ሁለት ሦስት መስመር ኮድ ይበቃዋል። ቀሪውን ብሮውዘሩ ይጨርሰዋል፦ የእያንዳንዱን አንቀጽ ቦታ እንደገና ያሰላና ከታች ያለውን ሁሉ ገፍቶ ለተዘረጋው ክፍል ቦታ ይለቃል።

ይህ ቀላል ሥራ በ1997 ቀላል አልነበረም። የኔትስኬፕ እና የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብሮውዘሮች አራተኛ እትሞች አንድን ክፍል የሚደብቁበት መንገድ የተለያየ ስለነበር ፕሮግራመሩ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይጽፍ ነበር። በ1998 የጋራ ደንብ ቢወጣም ልዩነቱ ቶሎ አልጠፋም። ጆን ሬሲግ በ2006 ጄኪዌሪ የተባለውን የጃቫስክሪፕት ኮድ ስብስብ ሲያወጣ ልዩነቱን ከውስጥ ሸሽጎ «ሾው»፣ «ሃይድ» እና «ቶግል» የሚሉ አጫጭር ትእዛዞችን ለሁሉም አቀረበ።

አደባበቁ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጀማሪ ፕሮግራመሮች በደንብ ሊለዩት የሚገባው ይህን ነው ብዬ አምናለሁ። «ዲስፕሌይ ነን» የተባለ ክፍል ቦታውንም ይዞ ይሄዳል። «ቪዚቢሊቲ ሂደን» የተባለው ግን ሰው ተነሥቶ ወንበሩ ባዶውን እንደሚቀር ነው፤ ጽሑፉ አይታይም፣ ክፍተቱ ግን አለ። ሦስተኛው «ኦፓሲቲ»ን ዜሮ ማድረግ ነው። ክፍሉ ፈጽሞ ብርሃን አሳላፊ ይሆናል እንጂ ከቦታው አይነቃነቅም፤ በውስጡ ያለ ቁልፍ ሳይታይ ሊነካ ይችላል።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚሰማው ገጹን በጆሮው ለሚያነብ ዓይነ ስውር ነው። ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም በመጀመሪያዎቹ ሁለት መንገዶች የተደበቀውን ይዘለዋል፣ በሦስተኛው የተደበቀውን ግን ያነበዋል። ስለዚህ ሌላው አንባቢ የማያየው ማስታወቂያ ለእርሱ በዓረፍተ ነገር መሐል ሊነበብለት ይችላል። የቁልፉም ነገር አለ። ብዙ ፕሮግራመሮች ተራ የጽሑፍ ሣጥን ላይ ጃቫስክሪፕት አስረው ቁልፍ ያስመስሉታል። ማውዝ ለያዘ ይሠራል፤ በኪቦርድ ብቻ ለሚሄድ ሰው ግን ታብ ሲጫን ሣጥኑ ላይ አያርፍም፣ ክፍሉም እንደተዘጋበት ይቀራል። እውነተኛውን የቁልፍ ምልክት መጠቀምና «ኤሪያ ኤክስፓንድድ» በሚባለው መግለጫ ክፍሉ የተዘረጋ ወይም የታጠፈ መሆኑን ማሳወቅ አንድ መስመር የማይሞላ ሥራ ነው። ይህን መዝለል አንባቢን ደጅ ማስቀረት ነው።

በገጽ ላይ መደበቅ ከሰው መሰወር እንዳልሆነ በሚዙሪ ግዛት፣ አሜሪካ፣ በኦክቶበር 2021 በይፋ ታይቷል። የሴንት ሉዊስ ፖስት ዲስፓች ጋዜጠኛ የግዛቱን ትምህርት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሲመረምር የመምህራን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (የግል መለያ ቁጥራቸውን) ከገጹ ጀርባ ባለው ኮድ ውስጥ አገኘ። ቁጥሩ ስክሪን ላይ አይወጣም፤ ገጹን ወደ ከፈተ ሰው ኮምፒውተር ግን ይላክ ነበር። ጋዜጣው መሥሪያ ቤቱን አስጠንቅቆ፣ ችግሩ እስኪዘጋ ጠብቆ ዜናውን አወጣ። አገረ ገዥው ማይክ ፓርሰን ግን ጋዜጠኛውን ሃከር ብለው ጉዳዩን ወደ ዐቃቤ ሕግ መሩት። በፌብሩዋሪ 2022 ዐቃቤ ሕጉ ክስ እንደማይመሠርት አስታወቀ። ማንም ሰው በኮምፒውተሩ ብሮውዘር የገጹን ኮድ ከፍቶ ማንበብ ስለሚችል፣ ምስጢር የሆነ ነገር መጀመሪያውኑ ገጹን ከሚልከው ሰርቨር መውጣት የለበትም።

ዛሬ ለተራ ማጠፍና መዘርጋት ጃቫስክሪፕት ላያስፈልግም ይችላል። «ዲቴልስ» እና «ሰመሪ» የሚባሉት፣ ገጹ የሚዋቀርበት ቋንቋ የኤችቲኤምኤል ምልክቶች፣ ሥራውን ራሳቸው ይሠራሉ፤ ከ2020 ወዲህ በታወቁት ብሮውዘሮች ሁሉ ይገኛሉ። ኪቦርዱንም ስክሪን ሪደሩንም ያውቃሉ። በክሮም ደግሞ በገጹ ውስጥ የምንፈልገው ቃል በእነርሱ በታጠፈ ክፍል ውስጥ ካለ ብሮውዘሩ ራሱ ክፍሉን ዘርግቶ ያሳየናል። በ«ዲስፕሌይ ነን» በታጠፈ ገጽ ላይ ግን ፍለጋው ባዶ እጁን ስለሚመለስ፣ ቃሉ የለም ከማለታችን በፊት የታጠፉትን ርዕሶች አንድ በአንድ ከፍተን እንደገና መፈለግ አለብን።