የሕዝብ ዋይፋይና ላፕቶፕ፦ ተረቱና እውነታው

በካፌ፣ በሆቴል፣ በአየር ማረፊያና በቤተ መጻሕፍት የሚገኘው ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ከራውተሩ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው መልእክት በአካባቢው ላለ አንቴና ሁሉ ይደርሳል፤ ሌላ ሰው እንዳይቀበለው መከልከል አይቻልም። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ የተቀበለው ሰው ማንበብ መቻል አለመቻሉ ነው። በዚህ ላይ ከአፍ ወደ አፍ የሚዘዋወሩት ምክሮች አብዛኞቹ ከ10 ዓመት በላይ ያረጁ ናቸው። ሰውን የሚያስፈራሩት ዛሬ እምብዛም በማያሰጋ ነገር ነው፤ የሚያሰጋውን ደግሞ ሳይነኩት ያልፋሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«በሕዝብ ዋይፋይ የሚጻፈውን ሁሉ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ያነበዋል»

ይህ እምነት ከባዶ የመጣ አይደለም። በኦክቶበር 2010 ኤሪክ በትለር የተባለ የአሜሪካ ፕሮግራም ሠሪ «ፋየርሺፕ» የተሰኘ፣ በፋየርፎክስ ማሰሻ ላይ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም በሳን ዲዬጎ በተካሄደ የደኅንነት ጉባኤ ላይ ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙን የጫነ ማንም ሰው በዚያው ክፍት ዋይፋይ ላይ ያሉ ሰዎችን የፌስቡክና የትዊተር አካውንት በስምና በፎቶ ተደርድሮ ያገኘው ነበር። አንዱን ሲጫን የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ሰተት ብሎ ይገባበታል። ይህ የሆነው ድረ ገጾቹ የይለፍ ቃሉን ብቻ መስጥረው፣ ከዚያ በኋላ ተጠቃሚውን የሚለዩበትን ኩኪ በግልጽ ይልኩ ስለነበር ነው። የበትለር ዓላማ ኩባንያዎቹን ማሳፈር ነበር፤ ተሳክቶለታል።

ጂሜይል በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ ግንኙነቱን በሙሉ ኤችቲቲፒኤስ በተባለው ሥርዓት መመስጠር ጀምሮ ነበር። ፌስቡክ በ2011 እንደ አማራጭ አቀረበው፤ በ2013 ለሁሉም አደረገው። በ2015 መጨረሻ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ድርጅት የምስጠራ ሰርቲፊኬት በነጻ ማደል ሲጀምር ለትናንሾቹ ድረ ገጾችም ሰበብ አልቀረላቸውም። በጁላይ 2018 ደግሞ ክሮም የተባለው የጉግል ማሰሻ ያልተመሰጠረ ገጽ ሁሉ ደኅንነቱ ያልተጠበቀ መሆኑን አድራሻው አጠገብ መጻፍ ጀመረ። ዛሬ ባንኩን ወይም ኢሜይሉን በካፌ ዋይፋይ የሚከፍት ሰው የሚጽፈው ነገር ከላፕቶፑ ሳይወጣ ይመሰጠራል። በአየር ላይ የያዘው ሰው የሚያገኘው ትርጉም የለሽ የቁጥር ክምር ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንኳ ለሸማቾች በሚሰጠው ምክር፣ ምስጠራ በመስፋፋቱ በሕዝብ ዋይፋይ መገናኘት አብዛኛውን ጊዜ ደኅና መሆኑን ይናገራል።

ሁሉም ነገር ተሸፈነ ማለት ግን አይደለም። የተከፈተው ድረ ገጽ ስም፣ ሰዓቱና የመረጃው መጠን በአብዛኛው ለዋይፋዩ ባለቤት ይታያል። ገጹ ውስጥ ምን እንደተነበበና ምን እንደተጻፈ አይታይም። አንድን የሕክምና ወይም የፖለቲካ ድረ ገጽ መክፈት ብቻውን መዘዝ ለሚያመጣበት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«የጓጉንቸር ምልክት ያለው ገጽ የታመነ ነው»

በአድራሻው አጠገብ ይታይ የነበረው ጓጉንቸር የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ አድራሻ ጋር ያለው ግንኙነት ተመስጥሯል። የአድራሻው ባለቤት ባንክ ይሁን አጭበርባሪ አይናገርም። ሰርቲፊኬት በነጻ በሚታደልበት ዘመን አጭበርባሪውም በደቂቃዎች ውስጥ ያገኘዋል። የባንክን ስም በአንድ ፊደል ብቻ የቀየረ አድራሻ ተመዝግቦ፣ ገጹ ተመስሎ፣ ጓጉንቸሩም ተሟልቶ ሊቀርብ ይችላል። ጉግል ምልክቱ ሰዎችን እያሳሳተ መሆኑን አይቶ በ2023 ከክሮም አንሥቶታል። ስለዚህ መታየት ያለበት ራሱ አድራሻው ነው፤ ፊደል በፊደል።

ከምልክቱ ይልቅ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ማስጠንቀቂያው ነው። ማሰሻው «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ሙሉ ገጽ ሲያወጣ፣ በሌላው ወገን ያለው ኮምፒውተር ነኝ ያለውን መሆኑን ማረጋገጥ አልቻለም ማለት ነው። መሐል የገባ ሰው ካለ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዴ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የዋይፋዩ መግቢያ ገጽ ገና አልተሞላ ይሆናል፣ ወይም የላፕቶፑ ቀን ተሳስቷል። የሰዓት ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕ በተከፈተ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ይህንኑ ማስጠንቀቂያ በየገጹ ይደረድራል። ባለቤቱም ሳያነብ «ቀጥል» ማለትን ይለምዳል፤ እውነተኛው ጠላፊ የመጣ ዕለትም ያንኑ ያደርጋል። ቀኑን ማስተካከል ወይም ባትሪውን መቀየር ርካሽ ነው። በባንክና በኢሜይል ገጽ ላይ ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ገጹን መዝጋት ነው።

«የይለፍ ቃል ያለው ዋይፋይ አስተማማኝ ነው»

የካፌው የይለፍ ቃል ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወይም ደረሰኙ ላይ ከታተመ፣ ቁልፉ በደንበኛው ሁሉ እጅ ነው። ከ2004 ጀምሮ በሰፊው በሚሠራበት ደብሊውፒኤ 2 በተባለው ሥርዓት፣ የጋራውን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው ሌላው ደንበኛ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን የመጀመሪያ መልእክት ከያዘ፣ የዋይፋዩን ምስጠራ ሊፈታው ይችላል። በ2018 የወጣው ደብሊውፒኤ 3 ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል፤ አሮጌ ራውተሮች ግን አሁንም ብዙ ናቸው። እዚህም ላይ ከስር ያለው የኤችቲቲፒኤስ ምስጠራ ስለማይፈታ ጉዳቱ ውሱን ነው።

ከባዱ ችግር ሌላ ነው። የዋይፋይ ስም የማንም ንብረት አይደለም። የሆቴሉን ስምና የይለፍ ቃል የሚያውቅ ማንም ሰው ትንሽ ራውተር ቦርሳው ውስጥ ይዞ በዚያው ስም ሌላ ዋይፋይ ሊከፍት ይችላል፤ ላፕቶፑም ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። የአስመሳዩ ምልክት ከበረታ እሱኑ ይመርጣል። በ2024 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፖሊስ በአየር ማረፊያዎችና በሀገር ውስጥ በረራዎች ላይ እንዲህ ያለ አስመሳይ ዋይፋይ ዘርግቷል ያለውን ሰው ከሷል። ነገሩ የተነቃው የአየር መንገዱ ሠራተኞች በበረራ ላይ አጠራጣሪ ኔትወርክ አይተው በመጠቆማቸው ነው። ፖሊስ እንደገለጸው፣ ሰዎች በዚያ ዋይፋይ ሲገናኙ አስመሳይ ገጽ ይመጣና በኢሜይላቸው ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ አካውንታቸው እንዲገቡ ይጠይቃቸው ነበር። ምስጠራ መፍታት አላስፈለገም፤ የይለፍ ቃሉን ተጎጂዎቹ ራሳቸው ይጽፉታል።

እውነተኛ የዋይፋይ መግቢያ ገጽ የክፍል ቁጥር፣ የስልክ ቁጥር ወይም የደረሰኝ ኮድ ሊጠይቅ ይችላል። የኢሜይል የይለፍ ቃል፣ የባንክ ምሥጢር ቁጥር ወይም በስልክ የመጣ የማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። የዋይፋዩን ትክክለኛ ስም አስተናጋጁን መጠየቅም ይረዳል፤ አስመሳይ ኔትወርክ ሲከፈት አንዳንዴ ከእውነተኛው ጋር የሚቀራረብ ስም ስለሚሰጠው ነው።

ላፕቶፕ የተገናኘበትን ኔትወርክ ያስታውሳል፤ ያንኑ ስም እንደገና ሲያገኝ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ሊገናኝ ይችላል። ከካፌ ሲወጡ ኔትወርኩን ከዝርዝሩ መሰረዝ ወይም በራሱ እንዳይገናኝ ማድረግ የሚመከረው ለዚህ ነው። ዝርዝሩ ራሱ የጉዞ ማኅደር መሆኑም ይዘነጋል። በኤፕሪል 2018 የሆላንድ መንግሥት አራት የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ መኮንኖችን በሄግ ሲይዝ፣ በተከራዩት መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ አንቴናና የዋይፋይ መጥለፊያ ተደብቆ ተገኝቷል፤ መኪናው የቆመው ከኬሚካል ጦር መሣሪያ ክልከላ ድርጅት ሕንጻ አጠገብ ነበር። ከያዙት ላፕቶፕ አንዱ ከዚያ በፊት በብራዚል፣ በስዊዘርላንድና በማሌዢያ ከነበሩ ዋይፋዮች ጋር መገናኘቱን መዝግቦ ስለነበር የሄዱበትን አገር አሳበቀባቸው።

«ተራ ሰውን ማን ይፈልገዋል?»

ለአብዛኛው ሰው እውነት ነው። ካፌ ቁጭ ብሎ አንድን ሰው ማጥመድ አድካሚ ሥራ ስለሆነ፣ ሌባ በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች የማታለያ መልእክት መላክን ይመርጣል። ሆቴልና ስብሰባ ግን ይለያሉ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በኦክቶበር 2018 ባቀረበው ክስ መሠረት፣ በሄግ ከተያዙት የሩሲያ መኮንኖች መካከል በ2016 ሎዛን ውስጥ የጸረ አበረታች መድኃኒት ስብሰባ የተካሄደበትን ሆቴል ዋይፋይ ሰብረው የአንድ ካናዳዊ ባለሥልጣን ላፕቶፕ ውስጥ የገቡ ነበሩ። የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ በ2014 «ዳርክሆቴል» ብሎ ያጋለጠው ቡድንም በእስያ ሆቴሎች የሚያርፉ የኩባንያ ኃላፊዎችን ነበር የሚጠብቀው። እንግዳው በሆቴሉ ዋይፋይ ሲገናኝ የታወቀ ሶፍትዌር ማሻሻያ መስሎ የሚመጣ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ይቀርብለታል። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በሆነችው አዲስ አበባም ለስብሰባ የሚመጣ ዲፕሎማት፣ ጋዜጠኛ ወይም የድርጅት ሠራተኛ ራሱን ከተራ ሰው ባይቆጥር ይሻለዋል። በሆቴል ዋይፋይ ላይ «ይህን አፕዴት ጫን» የሚል ሳጥን ከመጣ መዝጋት፤ ማሻሻያውን ከመነሻ በፊት ቤት ወይም ቢሮ ውስጥ መጨረስ።

«አንቲቫይረስ ካለ፣ አጠራጣሪ ነገርም ካልተጫኑ በቂ ነው»

በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ሲዛመት ሰው አንዳች ነገር እስኪጫን አልጠበቀም። በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ክፍል ባለ ቀዳዳ በኩል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በራሱ ይዘል ነበር። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው፤ የተጎዱት በአብዛኛው ያልጫኑት ናቸው። ዳታ ይበላል ተብሎ ለወራት የሚታገድ አፕዴት እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ክፍት ይተዋል። በተጨማሪም ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ላይ ሲገናኝ «የሕዝብ» የሚለውን መምረጥ ላፕቶፑን ከጎረቤት ኮምፒውተሮች ይሸሽገዋል፣ ፋይል መጋራትንም ይዘጋል። «የግል» የሚለው ለቤት ነው።

«ኢንኮግኒቶ ከፍቶ መግባት ይደብቃል»

አይደብቅም። ኢንኮግኒቶ የሚባለው የማሰሻው የግል መስኮት የሚሰርዘው እዚያው ላፕቶፕ ላይ የሚቀረውን የጉብኝት ታሪክና ኩኪ ነው። ለዋይፋዩ ባለቤት ልዩነት የለውም። የሚጠቅመው በሰው ላፕቶፕ ላይ ነው።

«ቪፒኤን ካለ ሌላው አያስፈልግም»

ቪፒኤን ከላፕቶፑ የሚወጣውን ሁሉ መስጥሮ ወደ ራሱ ሰርቨር ይወስዳል፤ ስለዚህ የካፌው ዋይፋይ የድረ ገጾቹን ስም እንኳ አያይም። ያ መረጃ ግን አልጠፋም፤ ወደ ቪፒኤን ኩባንያው ተዛወረ እንጂ። ተጠቃሚው ማንን ማመን እንደሚሻለው መርጧል ማለት ነው። የፌስቡክ ንብረት የነበረው ኦናቮ የተባለ ነጻ ቪፒኤን፣ ሰዎች በስልካቸው የትኞቹን መተግበሪያዎች ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ለባለቤቱ ኩባንያ ሲያቀርብ ኖሮ በ2018 ከአፕል መደብር ወጥቷል። ገቢው ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ነጻ ቪፒኤን ከካፌው ባለቤት የተሻለ ታማኝ የሚሆንበት ምክንያት የለም። የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን፣ ወይም በክፍያ የሚተዳደርና በገለልተኛ መርማሪ የተፈተሸ አገልግሎት ሌላ ነገር ነው።

ቪፒኤን የቴክኒክ ገደብም አለው። በሜይ 2024 ተመራማሪዎች «ተነልቪዥን» ብለው ባሳወቁት ዘዴ፣ ኔትወርኩን የሚቆጣጠር ሰው ለላፕቶፑ የሚሰጠውን የመንገድ መመሪያ በመቀየር መረጃው ከቪፒኤኑ ውጭ እንዲያልፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ቪፒኤኑ እንደተገናኘ ይታያል። አስመሳይ ገጽ ላይ የይለፍ ቃል የሚጽፍን ሰውም ቪፒኤን አያድነውም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ደግሞ ሕጉ አለ፤ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ቪፒኤን ራሱ ባይከለከልም፣ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመሸሸግ የተጠቀመበት ሰው ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ሊቀጣ ይችላል።

ቪፒኤን ለሌለው ሰው ቀላሉ አማራጭ የራሱ ስልክ ሆትስፖት ነው። ዳታ ይበላል፤ ነገር ግን ክፍያ ለመፈጸምና ሰነድ ለመላክ ብዙ አይፈልግም፤ ፊልሙና ዜናው በካፌው ዋይፋይ ሊቀጥል ይችላል። የሆትስፖቱ የይለፍ ቃል ረዘም ያለ ቢሆን ይመረጣል።

አካውንቶችን በተመለከተ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የተሰረቀ የይለፍ ቃልን ዋጋ ያሳጣል። በአጭር መልእክት የሚመጣው ኮድ ግን አስመሳይ ገጽ ላይ ከተጻፈ ሌባው በዚያው ቅጽበት ሊጠቀምበት ይችላል። ፓስኪ የተባለው አዲሱ መግቢያ ከትክክለኛው አድራሻ ጋር የታሰረ ስለሆነ በአስመሳይ ገጽ ላይ አይሠራም፤ ባለበት ቦታ ሁሉ እሱን ማብራት የተሻለ ነው።

«አደጋው ያለው ኢንተርኔቱ ላይ ነው»

በካፌ ውስጥ ላፕቶፕን ለማጥቃት ቀላሉ መንገድ ባለቤቱ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ አንሥቶ መውጣት ነው። የይለፍ ቃሉን በትከሻ ላይ አሻግሮ ማየትም ፕሮግራም አይጠይቅም። ዊንዶውስ ላይ የመግቢያ የይለፍ ቃል ብቻ ማድረግ ፋይሎቹን አይጠብቅም፤ ዲስኩ ተነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከተሰካ ሁሉም ይነበባል። ይህን የሚከለክለው የዲስክ ምስጠራ ነው፤ በዊንዶውስ ቢትሎከር ወይም የመሣሪያ ምስጠራ፣ በማክ ፋይልቮልት ይባላል። ሲበራ የሚሰጠው ረጅም የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ፣ ቤት ውስጥ በወረቀት ወይም በሌላ አካውንት መቀመጥ አለበት፤ እሱ ከጠፋ ባለቤቱም ፋይሎቹን መልሶ ላያገኛቸው ይችላል።