ያደረ ምግብ ሲሞቅ

ቆቦና የራያ ቆላ ሞቃት አገር ነው። ዋናው እህል ማሽላ ነው። ማሽላ ድርቅን ከብዙ እህል ይበልጥ ይችላል፤ ቢሆንም ታርሞ፣ ወፍ ተጠብቆለት፣ ታጭዶና ተወቅቶ ቤት እስኪገባ ብዙ ላብ ይፈስበታል። ስለዚህ ከራት የተረፈውን ማንም መድፋት አይወድም። «እህል እንዴት ይደፋል ልጆቼ?» ይሉናል እናቶች። እውነታቸውን ነው። ግን ያደረ ምግብ አያያዙንና አሟሟቁን ማወቅ ያስፈልጋል።

የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ለስላሳ ነው፤ ሲያድር ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ለምን? በእህሉ ውስጥ ስታርች የሚባል ነገር አለ። ሲበስል ውሃ ይዞ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል። የተቀቀለ ሩዝም እንደዚሁ ነው። በናይጄሪያና በጋና ሩዝ በቲማቲምና በበርበሬ ይሠራል፤ ጆሎፍ ይባላል። የተረፈው በማግስቱ ጠንክሮ ይገኛል። ኤር ፍራየር በሚባለው፣ ትኩስ አየር በማራገቢያ በሚነፋው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲሞቅ ደግሞ ውሃ ጠብ ካላሉበት ይብስ ይደርቃል። የእኛም ፍርፍር ብልሃቱ ይኸው ነው፤ ደረቁ እንጀራ የወጡን ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል።

ዋናው ጉዳይ ግን ጤና ነው። በዓይን የማይታዩ ጀርሞች በበሰለ ምግብ ላይ ይባዛሉ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ይመቻቸዋል፤ የቆላ ሌሊት በዚሁ መካከል ነው። ማታ በድስት የተተወ ወጥ እስኪነጋ ጀርም ሊሞላው ይችላል። ጠዋት ለብ አድርጎ መብላት ጀርሙን አይገድለውም። ወጥ ሲሞቅ እየተማሰለ መካከሉም እስኪንተከተክ መፍላት አለበት።

«ካፈላነው ምን ይሆናል?» የምንል አለን። እዚህ ላይ እንሳሳታለን። አንዳንድ ጀርሞች ሲባዙ መርዝ ያወጣሉ። በሩዝና በሌላም እህል ላይ የሚገኘው ባሲለስ ሴሪየስ እንደ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ቅቅሉን ያልፋል፤ ምግቡ ሲቀዘቅዝ ይነሣና ይባዛል። አንደኛው መርዙ በ121 ዲግሪ ሙቀት ለ90 ደቂቃ ቢቆይም አይጠፋም። በቆቦ ደግሞ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይሞላ ነው። እንግዲህ የጠዋት እሳት የሌሊቱን ጥፋት ሁሉ አይመልስም። ሥራው የሚጀምረው ማታ ነው።

ምን እናድርግ?

1. ወጥ የሚበቃንን ያህል ብቻ እንሥራ።

2. ማቀዝቀዣ ካለ የተረፈውን 2 ሰዓት ሳይሞላው በትንሽ በትንሽ ዕቃ ከፍለን እናስገባ። ከሌለ ወጡን ባናሳድር ይሻላል።

3. ወጥ ያልነካውን እንጀራ ሳይሻግት ቆራርሰን በንጹሕ ነገር ላይ ፀሐይ እናስጣው። ድርቆሽ ውሃ ስለሌለው ጀርም አይባዛበትም። በዚህስ የቆላው ፀሐይ ረዳታችን ነው።

4. ያሞቅነውን መልሰን አናሳድር።

5. የተበላሸ ምግብ ሁሉ አይሸትም። ከተጠራጠርን እንድፋው፤ ለሕፃንማ ፈጽሞ አንስጥ።

ተቅማጥና ትውከት የሕፃንን ሰውነት ውሃ ቶሎ ያሟጥጣል፤ ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል። አንድ ጭልፋ ወጥ መድፋት ያሳዝናል። ነገር ግን ማሽላው የተዘራው ልጁ እንዲያድግበት ነው።