እጅና እግር ሲነዝር

አንድ ሰው እግሩን አጥፎ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ ሲነሣ እግሩ ይደነዝዛል፤ ቀጥሎም ጉንዳን እንደ ወረረው ሁሉ ይነዝረዋል። ይህ የሚሆነው ሐኪሞች ነርቭ የሚሉት የስሜት ጅማት ለጊዜው ስለ ተጫነ ነውና ወዲያው ያልፋል፤ አያሠጋም። ነገር ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ እየተመላለሰ የሚመጣ ንዝረት «ድካም ነው» ወይም «ብርድ መታኝ» ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

ከምክንያቶቹ ዋነኛው የስኳር በሽታ ነው። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር ረጃጅሞቹን ነርቮች አስቀድሞ ስለሚጎዳ፣ ንዝረቱ ከእግር ጣቶች ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። በኋላም እግር ስሜቱን ሲያጣ ሕመምተኛው እሾህ ቢወጋው አያውቅም፤ ቍስሉም ሳይታይ ያመረቅዛል። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ ማታ ማታ እግሩን መመልከት ይገባዋል።

ሌሊት አውራ ጣትዋ፣ ጠቋሚና መካከለኛ ጣትዋ የሚነዝራት እናት ደግሞ ነርቩ በእጅዋ አንጓ ላይ ተጨንቆባት ይሆናል፤ ይህም በእጅ ሥራ ብዛትና በእርግዝና ጊዜ ይበረታል። በቈዳ ላይ የነጣና ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ከታየም የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን ነውና መደበቅ አያስፈልግም።

ለጾመኛ ቤት ደግሞ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ነርቭን የሚጠብቀው ቪታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቍላል ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃውን ስለሚያከማች፣ በፍስክ ጊዜ እነዚህን የሚመገብ ጤነኛ ሰው 55 ቀን ዐቢይ ጾምን ቢጾም በዚህ ብቻ ጉድለት አያገኘውም። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ከእነዚህ ምግቦች የተለየ፣ ሆዱ ቪታሚኑን መቀበል የተሳነው አረጋዊ፣ ወይም ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሊጎድልበት ይችላል። ጉድለቱ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በመርፌ ወይም በኪኒን ይተካል። ከዘገየ ግን ጉዳቱ ላይመለስ ይችላልና ሕመምተኛው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ስለ ጾሙም ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር።

የፊት፣ የእጅ ወይም የእግር አንዱ ወገን በድንገት ቢደነዝዝ፣ አፍ ቢጣመም ወይም አንደበት ቢተሳሰር ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው እንጂ «ይንጋና እናያለን» ማለት አይገባም።

አረጋውያን ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ሲሉ ሕመማቸውን ብዙ ጊዜ ይሸሽጋሉ። ስለዚህ ማታ እግራቸውን የሚያጥብ ልጅ «እማማ፣ ስነካዎ ይሰማዎታል?» ብሎ ይጠይቅ። ይህች አጭር ጥያቄ ሰውን ከእግር መቈረጥ ልታድን ትችላለች።