መድኃኒትን ስለ ማዘውተር፤ በጁባ ለሚኖሩ የደም ግፊት ሕሙማንና ለአስታማሚዎቻቸው

የደም ግፊት ልብንና ኩላሊትን፣ የአንጎልንም ሥሮች ለብዙ ዓመታት እየጎዳ ለባለቤቱ አንዳች ምልክት ሳይሰጥ ሊኖር የሚችል ደዌ ሲሆን፣ ሐኪም ደርሶበት መድኃኒት ባዘዘ ጊዜ ግን፣ እስከዚያች ዕለት ደኅና ነኝ ይል የነበረው ሰው በአምሎዲፒን ቁርጭምጭሚቱ ሊያብጥ፣ በኢናላፕሪልም ደረቅ ሳል ሊይዘው ይችላል። እንግዲህ ሕመሙ የማይሰማ፣ መድኃኒቱ ግን የሚሰማ ሲሆን፣ ክኒኑን የተወውን ሁሉ ሰነፍ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ነገሩ የድኾች አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ መድኃኒት በአግባቡ የሚወስዱት ግማሽ ያህል እንደሆኑ ገልጿል። ዶክተር ኤድዋርድ ፍሪስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ያካሄዱትና ውጤቱ በ1967 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ግፊታቸው እጅግ ከፍ ካለ 143 ወንዶች መካከል መድኃኒት ካልተሰጣቸው 70 ሰዎች በ27ቱ ላይ ብርቱ ጉዳት ሲደርስ፣ ከተሰጣቸው 73 በ2ቱ ላይ ብቻ መድረሱን አሳይቷል፤ ሐኪሞቹም አስቀድመው ሪቦፍላቪን የተቀላቀለበት ፈዋሽነት የሌለው ክኒን እየሰጡ፣ በልዩ ብርሃን የሚያበራውን ሽንት እያዩ፣ ማን እንደሚውጥና ማን እንደማይውጥ ይለዩ ነበር። እኛ ግን ስለላ አያሻንም። «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ ወይ?» ቢባል ማን «አልወስድም» ይላል? «ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?» ሲባል ግን እውነቱ ይወጣል።

በጁባ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በንግድ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን የሚገጥማቸው ፈተና ደግሞ ከዐቢይ ጾም ጋር ይመጣል፤ 55 ቀን የሚጾመው ይህ ጾም የሚገባው የከተማይቱ ሙቀት በሚበረታበት ወራት ነውና፣ ጠዋት ይወሰድ የነበረው ክኒን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይገፋል፣ ወይም እስከ ፋሲካ ጨርሶ ይተዋል። አምሎዲፒን በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ስለሆነ፣ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ብዙ አያሰጋም፤ ውኃንና ጨውን በሽንት የሚያስወጣው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ውኃ ሳይጠጡ በዚያ ሐሩር ሲውሉ ራስን እስከ መሳት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር መመካከር ግድ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ለሕሙማን የጾምን ቀንበር ታቀላለችና፣ የንስሐ አባትም በዚህ ምክር ውስጥ ቢገቡ መልካም ነው፤ ብዙ ምእመናን ከሐኪሙ ይልቅ እርሳቸውን ይሰማሉና።

የቀረው የገበያ ጣጣ ነው። ወደ ጁባ ከሚገባው ዕቃ አብዛኛው በኒሙሌ መንገድ ከኡጋንዳ የሚመጣ እንደ መሆኑ፣ ከተማይቱም በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. በጦርነት የታመሰች እንደ መሆንዋ፣ መድኃኒት እስኪያልቅ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ የሁለት ሳምንት ሲቀረው ይገዛ። ክኒኑ ከማሸጊያው በመቀስ ተቆርጦ በፍሬ ከተሸጠ፣ የሚያበቃበት ቀን በተቆረጠው ጫፍ ላይ ሊቀር ስለሚችል፣ ቀኑ ያለበትን ክፍል ሻጩ ሳያሳይ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ቤት ሲገቡም ከቆርቆሮው ጣሪያ ርቆ ቀዝቀዝ ባለ ሥፍራ ያኑሩት።